ለፑል ሪኩዌስቱ መልስ ያጣው ሰው 27 መልስ አገኘ

ይህን የውይይት ክር ኢንተርኔት ላይ የከፈተው ሰው ዌብ ዴቨሎፐር ነው። ሥራው ላይ በሚጠቀምበት አንድ የዩአይ ላይብረሪ (የገጽ ክፍሎችን የያዘ የኮድ ስብስብ) ውስጥ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) አገኘ። ባጉ ያለው የቀን መምረጫው ላይ ነው። መምረጫውን በኪቦርድ ከፍተው ኢስኬፕ ሲጫኑ ፎከሱ (ኪቦርዱ የሚሠራበት ቦታ) ወደ ከፈተው በተን መመለስ ነበረበት። አይመለስም፤ ገጹ አናት ላይ ይወጣል። በማውስ የሚሠራ ሰው ነገሬ አይለውም። በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ ወይም ስክሪን ሪደር (ገጹን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀም ሰው ግን ፎርሙን እንደገና ከላይ ጀምሮ መውረድ አለበት። ሰውየው ባጉን አስተካክሎ ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ላከ። ወራት አለፉ። ማንም ትንፍሽ አላለም። በመጨረሻ ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) መጣና ለረጅም ጊዜ እንቅስቃሴ የለውም ብሎ ዘጋው።

ስለዚህ ጠየቀ። ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም የተለቀቀ ሶፍትዌር) እውነት ለማንም ክፍት ነው? ወይስ ኮዱ ብቻ ክፍት ሆኖ ሥራው የጥቂት ወዳጆች ነው? አነጋገሩ ጨዋ ነበር፤ ምሬቱ ግን ያስታውቃል። የፕሮጀክቱን ስም አልጻፈም፤ ጥሩ አደረገ።

ከ27ቱ መልሶች ሁለቱ የራሱ የጠያቂው ናቸው፤ አንዱ የአወያዩ። ብዙዎቹ የተከራከሩት ስለ ክፍትነት ነው። እኔ ሳነበው የታየኝ ሌላ ነው። ኮድ የሚጽፍ ሞልቷል፤ የሌላውን ኮድ ቁጭ ብሎ የሚያይ ግን ጠፍቷል። ክሩን በዚህ ዓይን ነው የምተርክላችሁ።

1ኛው መልስ ትሕትና የሞላበት ነው። መጀመሪያ አመሰገነው፤ እንዲህ ያለ ባግ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው አለ። ከዚያ ጠየቀው። አስቀድሞ ኢሹ (የችግር ማስታወቂያ) ከፍቶ ነበር ወይ? የፕሮጀክቱን የአስተዋጽኦ መመሪያ አንብቧል ወይ? ቴስት (ለውጡ መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ) ጽፏል ወይ? ትንሽ ባግ ከሆነ በቀጥታ ፑል ሪኩዌስት መላክ ይቻላል። ባህሪ የሚቀይር ነገር ከሆነ ግን ኮድ ከመጻፍ በፊት ኢሹ ላይ መነጋገር ይሻላል፤ ሳይነጋገሩ የተጻፈ ኮድ ውድቅ ሲሆን ሁለቱንም ወገን ያናድዳል። ጠያቂው በ2ኛው መልስ ኢሹ መክፈቱን፣ መመሪያውን ገረፍ ገረፍ አድርጎ ማየቱን፣ ቴስት ግን አለመጻፉን ተናገረ። ለውጡንም እዚያው ለጠፈው።

3ኛው መልስ የክሩ ረጅሙ ነው፤ ለእኔም ዋናው። ጸሐፊዋ በኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ኮድ ማከፋፈያ) ያለ አንድ አነስተኛ ፓኬጅ ለዓመታት የያዘች ሜንቴይነር (የኮዱ ተንከባካቢ) ናት። የምትሠራበት ማታ ማታ፣ ከመደበኛ ሥራዋ በኋላ ነው። የሚከፍላት የለም። ጥቂት መስመር ኮድ ሲመጣላት ምን እንደምታደርግ ዘረዘረች። ብራንቹን (ለውጡ ያለበትን የኮድ ቅጂ) አውርዳ ታስነሳዋለች። ባጉ በእርግጥ መኖሩን ታረጋግጣለች። ከዚያ በክሮም፣ በፋየርፎክስና በሳፋሪ ትሞክራለች። ፎከስ ላይ ሳፋሪ የራሱ ጠባይ አለው፤ ማክ ላይ በተን በማውስ ሲነካ እንደ ክሮም ፎከስ አይሰጠውም። ስለዚህ አንዱ ጋ የሠራ ማስተካከያ ሌላው ጋ ሊሰብር ይችላል። ቀጥሎ ስክሪን ሪደር ከፍታ ታዳምጣለች። ከዚያ የቨርዥን ጥያቄ ይመጣል። ይህ ባግ ማስተካከል ነው ወይስ ሰዎች የተማመኑበትን ባህሪ መቀየር? የመጀመሪያው ከሆነ የቨርዥኑ የመጨረሻ ቁጥር ብቻ ይጨምራል። ሁለተኛው ከሆነ ዋናው የፊተኛው ቁጥር ይቀየራል፤ ያ ደግሞ ፓኬጁን የሚጠቀመውን ሁሉ ሥራ ያስይዛል።

ይህ ሁሉ አልቆ መርጅ ስታደርግ (ለውጡን ከዋናው ኮድ ስትቀላቅል) ላኪው አመስግኖ ይሄዳል። በማግስቱ ተሰበረብኝ የሚል ሰው የሚመጣው እሷ ጋ ነው። ኮዱን የጻፈው ያኔ የለም። መዘግየቷ ንቀት እንዳይመስልበት ለመነችው። አንዳንዴ ማሳወቂያውን ትከፍታለች፣ ታየዋለች፣ አቅም አጥታ መልሳ ትዘጋዋለች።

4ኛው አልራራላትም። ማንም እንዳላስገደዳት አስታወሳት። ጊዜ ከሌላት ሪፖዚተሪውን (የኮዱን ማከማቻ) አርካይቭ ታድርገው (ለንባብ ብቻ ትተወው)፤ ኮዱ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሃብ ለዚሁ የሚሆን በተን አለው። ወይም ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል) ላይ አዲስ ለውጥ አልቀበልም ብላ ትጻፍ፣ ሰው በከንቱ አይድከም። አነጋገሩ ሸካራ ነው፤ እውነት ግን አለበት። በግልጽ አይሆንም ማለት ቦት አቁሞ ዝም ከማለት ይሻላል። ያ ቦት ለማን እንደሚጠቅም እስካሁን አልገባኝም። የተከፈቱ ኢሹዎች ቁጥር ይቀንሳል፤ ባጉ ግን እዚያው አለ።

5ኛው ክርክሩን ትቶ የተለጠፈውን ለውጥ አየው። ጉዱ ወጣ። ማስተካከያው ስድስት መስመር ነው። የተነካው ግን በመቶዎች የሚቆጠር መስመር ነው። ጠያቂው ፋይሉን ሴቭ ሲያደርግ የኤዲተሩ ፎርማተር ሁሉንም እንደገና ደርድሮታል። ነጠላ ጥቅሱ ድርብ ሆኗል፤ የመስመር መግቢያው ተቀይሯል። ሪቪው የሚያደርግ (ኮዱን የሚገመግም) ሰው ስድስቱን መስመር ከዚያ ክምር ውስጥ ለቅሞ ማውጣት አለበት። ቁጣ አልጨመረበትም። ለዚህ ፕሮጀክት የራሱን ፎርማተር እንዲያጠፋ፣ ኮሚት ከማድረጉ (ለውጡን ከመመዝገቡ) በፊት ዲፉን (የተለወጡትን መስመሮች ዝርዝር) ራሱ ከላይ እስከ ታች እንዲያነበው ብቻ መከረው። እሱን ከሰለቸው ሌላውም ይሰለቸዋል።

እዚህ ላይ ክሩ መንገዱን ሳተ። ፎርማተር ከተነሳ ለመስመር መግቢያ ታብ ይሻላል ስፔስ የሚለው ጠብ አይቀርም። 6ኛው ስፔስ አለ። 7ኛው ታብ አለ። 8ኛው በሁለቱም አላገጠ። አልፌው ልሄድ ስል 9ኛው ቁም ነገር ይዞ መጣ። ታብ ሲሆን ስፋቱን እያንዳንዱ ሰው በኤዲተሩ ላይ ይወስናል። ፊደሉን በጣም አተልቆ የሚያነብ ሰው መግቢያውን ያጠበዋል። በብሬይል ማሳያ የሚያነብ ፕሮግራመር ደግሞ አራት ስፔስ አራት ሕዋስ ይበላበታል፤ ታብ አንድ ብቻ። የማሳያው ሕዋሶች ጥቂት ስለሆኑ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የጣዕም ጠብ የመሰለን ነገር የተደራሽነት ጉዳይ ሆኖ አረፈው። 6ኛው ተመልሶ አልመጣም።

10ኛው ወደ ላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) ወሰደን። የኤምአይቲ ላይሰንስ አጭር ናት። መጠቀም፣ መቀየር፣ መሸጥ ትፈቅዳለች። ሶፍትዌሩ እንዳለ ነው የቀረበው፣ ዋስትና የለውም ትላለች። መልስ ይሰጥሃል የሚል አንቀጽ የላትም። ሌላው ላይሰንስ ጂፒኤልም ቢሆን ፕሮግራሙን ለሌላ ስታስተላልፍ ምንጩንም እንድትሰጥ ያስገድዳል እንጂ ዋስትና እንደሌለ እዚያም ተጽፏል። ስለዚህ ጠያቂው ፎርክ የማድረግ (ኮዱን ቀድቶ ለብቻው የመቀጠል) መብት አለው፤ ያድርግና ይገላገል።

11ኛው በዚህ አልተስማማም። ፎርክ ማድረግ በተን መጫን ነው፤ ፎርኩን በሕይወት ማቆየት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዋናው ፕሮጀክት አዲስ ቨርዥን ባወጣ ቁጥር ማዋሃድ አለ። የሴኩሪቲ ማስተካከያ መከታተል አለ። የተሳካ ምሳሌ ሲፈልግ ኖድን (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያሂደውን ፕሮግራም) አነሳ። በ2014 መጨረሻ የፕሮጀክቱ አካሄድ በአንድ ኩባንያ እጅ መሆኑ ያልተዋጠላቸው ዋና ዋና ሠሪዎች አይኦ ጄኤስ ብለው ገነጠሉት። በ2015 ተመልሰው ተዋሃዱ፤ ኖድ 4 የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያ የሆነው ኮዱን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰዎች አብረው ስለወጡ ነው። ለአንድ የቀን መምረጫ ብሎ ይህን የሚያደርግ የለም።

12ኛው ነገሩን ለማለዘብ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብሎ ተረተ። 13ኛው ከአፉ ነጠቀው። በኤንፒኤም ዓለም አንበሳው የታሰረው በአንዲት ክር ነው፣ እሷ ስትበጠስ ሁሉም ይፈታል አለና ሌፍትፓድን አስታወሰ። 11 መስመር ያላት ፓኬጅ ነበረች። ሥራዋ ጽሑፍን በግራ በኩል በባዶ ቦታ ወይም በተሰጣት ፊደል መሙላት ነው። ማርች 2016 ባለቤቷ ከኤንፒኤም አነሳት። ባቤል የሚባለውን የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ጨምሮ በእሷ ላይ የቆሙ ፕሮጀክቶች አልጫን አሉ። ኤንፒኤም በሰዓታት ውስጥ ራሱ መለሳት። (ዛሬ ጃቫስክሪፕት ይህን የሚሠራ ፓድስታርት የሚባል ነገር በውስጡ አለው፤ ያኔ ቢኖር ኖሮ ስንቱ ይተኛ ነበር።)

14ኛው እርማት ይዞ ገባ፤ ልክም ነበር። ሌፍትፓድ የሜንቴይነር ድካም ታሪክ አይደለም። ባለቤቱ በሌላ ፓኬጅ ስም ከአንድ ኩባንያ ጋር ተጋጭቶ ነበር። ኤንፒኤም ስሙን ለኩባንያው ሲሰጥበት ተናዶ ፓኬጆቹን በሙሉ አነሳ። ስለ ድካም ከተወራ የሚጠቀሰው የ2018ቱ ኢቨንትስትሪም ነው። በሳምንት ከሚሊዮን ጊዜ በላይ የሚወርድ ፓኬጅ ነበር። ባለቤቱ ራሱ መጠቀም አቁሟል። አንድ የማያውቀው ሰው ልያዝልህ ብሎ ጻፈለት፤ ሰጠው። አዲሱ ሰው ሌላ ፓኬጅ በዲፔንደንሲ (አብሮ የሚጫን ኮድ አድርጎ) አስገባ። ውስጡ ኮፔይ በሚባለው ዋሌት የተቀመጠ ቢትኮይን ለመስረቅ የተጻፈ ኮድ ነበር። ብዙ ሰው ያኔ ባለቤቱ ላይ ጮኸ። 14ኛው የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነው። ከጯሂዎቹ መካከል ከዚያ በፊት ልርዳህ ያለው ማነው?

ክሩ የከረረው በ15ኛው ነው። ኤክስዜድን (ሊኑክስ ላይ የሚገኝ የፋይል ማመቂያ) አነሳ። ጂያ ታን በሚል ስም የሚጽፍ አካል ከሁለት ዓመት በላይ ትክክለኛ ሥራ እየሠራ አመኔታ አገኘ። በጎን ደግሞ ሌሎች አካውንቶች ብቻውን የሚሠራውን ሜንቴይነር ዘገየህ፣ ሰው ጨምር እያሉ ይወተውቱት ነበር። ሰውየውም ጨመረ። በ2024 መጀመሪያ በወጡት ቨርዥኖች ውስጥ የጓሮ በር (በስውር ሰርጎ ለመግባት የተቀበረ ኮድ) ተገኘ። ያገኘው የፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ፕሮግራም) ዴቨሎፐር የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው። በኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ከርቀት መግቢያ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበትና ለምን ብሎ ቆፈረ። ብዙ ሰርቨር ጋ ሳይደርስ ማርች 2024 ተጋለጠ።

እስከዚህ ታሪኩ ትክክል ነው። 15ኛው ግን በዚህ አላቆመም። የጠያቂውም ምሬት ከእነዚያ አካውንቶች ውትወታ አይለይም አለው። ይህ ግፍ ነው። ስድስት መስመር አስተካክሎ የላከን ሰው ከሰርጎ ገብ ጋር ማመሳሰል ምን ይባላል? ጠያቂው በ16ኛው መልስ ፈነዳ። እስከዚያ ድረስ ሁሉንም እርስዎ ሲል የቆየ ሰው እዚህ ላይ አንተ አለ። ባጉ ዛሬም እንዳለ፣ ዓይነ ስውር ተጠቃሚዎች ዛሬም እንደሚቸገሩበት፣ ስለ ሜንቴይነር ድካም የሚያለቅስ ሁሉ ስለ እነሱ አንድ ቃል እንዳልጻፈ ነገራቸው። ሁለት ስድብም አለበት፤ ልለፈው። 17ኛው አወያዩ ነው። ስድቦቹን አነሳ፣ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ኮዱ ተነጋገሩ አለ፣ ክሩን ግን አልዘጋውም።

ከዚያ 18ኛዋ መጣች፤ አየሩ ቀዘቀዘ። የምትሠራው ዶክመንቴሽን (ማብራሪያ ጽሑፍ) ላይ ነው። ኤምዲኤን (የዌብ ዴቨሎፐሮች ማጣቀሻ ድረ ገጽ) ጽሑፎቹን በ2020 መጨረሻ ወደ ጊትሃብ ካዛወረ ወዲህ ማንም ሰው ስህተት ሲያይ እንደ ኮድ በፑል ሪኩዌስት ማረም ይችላል። እሷም የጀመረችው አንድ የማይሠራ ምሳሌ በማረም ነው፤ ቶሎም ገባላት። ምክንያቱን ስትገልጽ ዶክመንቴሽን ቀላል ስለሆነ እንዳልሆነ ተናገረች። ሪቪው የሚያደርገው ሰው ምሳሌውን አሂዶ ትክክል መሆኑን ወዲያው ያያል። ስለዚህ አዲስ ሰው ለማረጋገጥ የማያስቸግር ነገር ይዞ ይጀምር የሚል ነው ነጥቧ። ለጠያቂውም በዚሁ መንገድ ሐሳብ ሰጠችው። መጀመሪያ ባጉን ብቻ የሚያሳይ አጭር ገጽ ይሥራ፣ ማንም ከፍቶ በአንድ ደቂቃ እንዲያየው። በክሩ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ምክር አላየሁም።

19ኛው ግን ዶክመንቴሽን አስተዋጽኦ አይባልም ብሎ ሳቀ። ማስረጃው ሃክቶበርፌስት ነው። ዲጂታል ኦሽን የሚባል ኩባንያ ከ2014 ጀምሮ በየኦክቶበሩ የሚያዘጋጀው የኦፕን ሶርስ ዘመቻ ነው። በ2020 አራት ፑል ሪኩዌስት የላከ ቲሸርት ያገኝ ነበር። ሰዉ ለቲሸርት ብሎ ሪድሚ ላይ ግሩም ፕሮጀክት የሚል ቃል እየጨመረ ላከ። ሜንቴይነሮች በማይረባ ነገር ተጥለቀለቁ። 20ኛው ታሪኩን አሟላለት። አዘጋጆቹ በቀናት ውስጥ ደንቡን ቀይረው እሺ ያሉ ሪፖዚተሪዎች ብቻ እንዲቆጠሩ አደረጉ። ችግሩ የመጣውም ሽልማቱ በቁጥር በመሆኑ ነው፤ ኮድም በቁጥር ቢሸለም ያው ይሆን ነበር። 21ኛው ቀጠለ፤ አሁን ቲሸርትም አያስፈልግም፣ ኤአይ አለ። የከርል (የዳታ ማስተላለፊያ ፕሮግራም) መሥራች ዳንኤል ስቴንበርግ በኤአይ የተጻፉ የውሸት የሴኩሪቲ ሪፖርቶች ጊዜያቸውን እንደሚበሉባቸው በይፋ ደጋግሞ ተናግሯል። እንዲህ ያለውን ሪፖርት ለመጻፍ ደቂቃ ይበቃል፤ ውሸት መሆኑን ለማረጋገጥ ግን ሰዓታት ይሄዳል። እኔም እዚህ ላይ ነው ራሴን የነቀነቅሁት። የጻፈው ይቀለዋል፣ የሚያየው ይከብደዋል። የኤአይ መምጣት ይህን ብሶ እንዲታይ አደረገው እንጂ አልፈጠረውም።

22ኛው ስለ ገንዘብ አነሳ። ገንዘብ የሚመጣው ቤት ሲቃጠል ነው አለ። በ2014 ሃርትብሊድ የሚባለው የሴኩሪቲ ቀዳዳ እስኪመጣ ድረስ የኢንተርኔቱ ትልቅ ክፍል የቆመበትን የምስጠራ ላይብረሪ ኦፕንኤስኤስኤልን የሚጠብቁት ሰዎች በጣም ጥቂት ነበሩ፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እጃቸውን ወደ ኪሳቸው የከተቱት ከዚያ በኋላ ነው። ከ2019 ጀምሮ ጊትሃብ ስፖንሰርስ አለ፤ ኦፕን ኮሌክቲቭም አለ። ግን መዋጮ የሚያገኘው የሚታየው ነው። ከሥር የተቀበረችውን ፓኬጅ ማን ያውቃታል?

23ኛዋ በኩባንያ ተቀጥራ ኦፕን ሶርስ ላይ የምትሠራ ናት። ደመወዝ ስለምታገኝ ሪቪው የምታደርገው በሥራ ሰዓት ነው፤ ማታ አትነካውም። ድሩፓልን (የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) በምሳሌ አነሳች። እዚያ ኢሹ ሲዘጋ የሠራው ሰው ብቻ ሳይሆን ጊዜውን የሰጠው ኩባንያም ይመዘገባል። ኩባንያው ስሙ ሲወጣ ሰው ለመመደብ ይነሳሳል። 24ኛው ግን ሳንካውን አየ። ደመወዝ የሚከፍል ኩባንያ የትኛው ባግ መጀመሪያ እንደሚታይም ይወስናል። የኪቦርድ ተጠቃሚ ደንበኛ የሌለው ኩባንያ የጠያቂውን ባግ መቼ ያየዋል? ለዚህ 23ኛዋ አልመለሰችም። እኔም አጥጋቢ መልስ አላነበብኩም።

25ኛው ያ 5ኛው ሰው ነው፤ ተመልሶ መጣ። ኮድ መላክ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሌላ ሰው ፑል ሪኩዌስት ይይ አለ። ብራንቹን ያውርድ፣ ያስነሳው፣ ያየውን ይጻፍ። የትኛው ብራውዘር፣ የትኛው ቨርዥን፣ ስክሪን ሪደሩ ኤንቪዲኤ ነው ወይስ ቮይስኦቨር፣ ምን ተጫነ፣ ምን ሆነ። ጥሩ ነው የሚል ባዶ አስተያየት ግን ይቅር፤ ሜንቴይነሯ እሱን ብላ ከፍታ በከንቱ ትዘጋዋለች።

26ኛው አንድ ጥያቄ ነበረው። መብት የሌለው ሰው ሪቪው ምን ዋጋ አለው? 27ኛው የመለሰው ከልምዱ ነው። ጊትሃብ ላይ ወደ ሪፖዚተሪው የመጻፍ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲያጸድቅ ምልክቱ አረንጓዴ አይሆንም፣ ግራጫ ነው፤ ለመርጅ ከሚያስፈልገው ቁጥርም አይገባም። አፓቼ በሚባለው የኦፕን ሶርስ ድርጅት ፕሮጀክቶች ደግሞ ማንም ሰው ድምፁን መስጠት ይችላል፤ ቨርዥን ሲለቀቅ የሚቆጠረው ግን የፕሮጀክቱ አስተዳደር ኮሚቴ አባላት ድምፅ ነው። ቢሆንም የማይቆጠረውንም ያነቡታል። ኮሚተር (ኮድ የማስገባት ፈቃድ ያለው) ሁን ተብሎ የሚጋበዘውን ሰው የሚያዩትም እዚያ ነው። ቀጥሎ ለ3ኛዋ ጸሐፊ ጻፈላት። የፓኬጇን ስም ከነገረችው ከተከፈቱት ፑል ሪኩዌስቶች አንዱን ሳፋሪ ላይ ሞክሮ ውጤቱን ይጽፍላታል።